«ዶክተር ስትሬንጅላቭ» እና የማይመለሰው ትእዛዝ

ስታንሊ ኩብሪክ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» የተባለው ፊልም ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ቀልድ ብቻ ነው። እርግጥ ያስቃል። ነገር ግን መነሻው ፒተር ጆርጅ በ1958 ያሳተመው ቀልድ የሌለበት ልብ ወለድ ነውና፥ ከሳቁ በታች ያለውን ቁም ነገር መመርመር ይገባል። ይኸውም የኑክሌር ጦር መሣሪያ ማዘዣና መገናኛ ነው።

አእምሮው የተናወጠ አንድ አሜሪካዊ ጄኔራል ያለ በላዮቹ ፈቃድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹን በሶቭየት ኅብረት ላይ ያዘምታል። በአውሮፕላኖቹ ውስጥ ያለው የሬዲዮ መሣሪያ ሦስት ምስጢራዊ ፊደላት ያልቀደሙትን መልእክት አይቀበልም። ይህ የተደረገው ጠላት በሐሰተኛ ትእዛዝ እንዳያታልል ነው፤ ሆኖም ሐሰተኛውን ድምፅ የከለከለው በር አዳኙንም ድምፅ ከለከለ። ፊደላቱን የደረሰበት የእንግሊዝ መኮንን ለፕሬዚዳንቱ ለመንገር በሕዝብ ስልክ ሲደውል ዝርዝር ሳንቲም ያጥረዋል። በመጨረሻ መመለሻው ትእዛዝ ቢላክም፥ መገናኛው የተበላሸበት አንድ አውሮፕላን ሳይሰማ ጉዞውን ይቀጥላል። «ካፍ የወጣ አፋፍ» ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙ አንድ ጉድለት አለበት፤ የጥፋቱን መነሻ በአንድ እብድ ላይ ጥሎታል። እውነተኛው ታሪክ ግን እብድ አላስፈለገውም። በ1979 ለልምምድ የተዘጋጀ የጥቃት መረጃ በአሜሪካ የአየር መከላከያ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ እንደ እውነተኛ ጥቃት ታየ። በ1980 የአንዲት ትንሽ የኮምፒዩተር ዕቃ ብልሽት ያንኑ ስሕተት ደገመ። በ1983 ደግሞ የሶቭየት ሳተላይት ከደመና ላይ ያንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን አምስት ሚሳይሎች አድርጎ አስታወቀ። በሥራው ላይ የነበረው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ግን መሣሪያውን ተጠራጥሮ፥ ማስጠንቀቂያው ሐሰት ነው ሲል ለበላዮቹ አስታወቀ።

ፊልሙን ከዚህ ጉድለት በከፊል የሚያድነው «የፍጻሜው መሣሪያ» ነው። እርሱን የሠሩት እብዶች አይደሉም፤ የሰው ልብ እንዳያመነታ ብለው ውሳኔውን ለመኪና የሰጡ ጠንቃቆች ናቸው። ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ የሚያስቆመው ሰው አልተገኘም።

ዛሬ ኃያላን መንግሥታት የማዘዣና የመገናኛ መሣሪያቸውን በአዲስ በመተካት ላይ ሳሉ ይህ ትችት ሥራ ፈት ወሬ አይደለም። አሜሪካ በዚህ መገናኛ ውስጥ ትገለገልበት የነበረውን የስምንት ኢንች ፍሎፒ ዲስክ የተወችው በ2019 ነው። በኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ባይደንና ፕሬዚዳንት ሺ በሊማ ተገናኝተው፥ በኑክሌር መሣሪያ የመጠቀም ውሳኔ ከሰው እጅ እንዳይወጣ ተስማምተዋል። ስምምነቱ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ውሳኔው በሰው እጅ ቢሆንም ለማሰብ ጊዜ ካልተሰጠው ሰውየው ከመኪናው በምን ይለያል?

እንግዲህ አዲስ መሣሪያ በተነደፈ ቁጥር «ትእዛዙ በስንት ሴኮንድ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «የሚጠራጠር ሰው ቦታ አለው ወይ? የተላከውስ ትእዛዝ መመለሻ መንገድ አለው ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። በ1983 ዓለምን የጠቀማት ፍጥነት ሳይሆን ጥርጣሬ ነበርና።