የአራት ድምፆች ዕድሜ

በኅብረት የሚዘፍን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ የራሱ ድምፅ ከጎኑ ካለው በልጦ ከተሰማ ዘፈኑ ተበላሽቷል። ይህን ሕግ አክብረው ብዙ አሥርት ዓመታት ከዘለቁት አንዱ የአሜሪካው የፎክ ቡድን ብራዘርስ ፎር ነው።

ቦብ ፍሊክ፣ ማይክ ኪርክላንድ፣ ጆን ፔይን እና ዲክ ፎሊ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአንድ የተማሪዎች ማኅበር አባላት ነበሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው) የተቀናቃኝ ማኅበር ተማሪ ሊቀልድባቸው ብሎ፣ ኮሎኒ ክለብ ከተባለ ምሽት ቤት የተደወለ አስመስሎ ለድምፅ ፈተና አስጠራቸው። ሲደርሱ የሚጠብቃቸው አልነበረም። እንዲዘፍኑ ግን ተፈቀደላቸው፤ ዘፈኑ፣ ተቀጠሩም።

በ1959 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አቀኑ። የጃዝ ፒያኒስቱ የዴቭ ብሩቤክ ሥራ አስኪያጅ ሞርት ሉዊስ የእነሱም ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በዚያው ዓመትም ከኮሎምቢያ ሬከርድስ ጋር ተፈራረሙ። በ1960 «ግሪንፊልድስ» የተባለው ዘፈናቸው በቢልቦርድ የዘፈኖች ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ።

ዘፈኑ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ጊታሩ ክር በክር እየነጠለ በዝግታ ይጓዛል፣ የፍሊክ ትልቁ ቤዝ ከሥር ይደግፋል። እንዲህ ዝግ ባለ ዜማ ውስጥ ስሕተት መደበቂያ የለውም። አንዱ «ኢ»ን አጥብቦ ሌላው አስፍቶ ቢያወጣት ውሕደቱ ወዲያው ይሰነጠቃል፤ አንዱ ቃሉን ቀድሞ ቢዘጋ የመጨረሻዋ ድምፅ ሁለቴ ትሰማለች። አራቱም አብረው መተንፈስ፣ አብረው አፍ መክፈት፣ አብረው መዝጋት አለባቸው። ይህ የሚገኘው በልምምድ ብቻ ነው።

ከ1964 ጀምሮ የእንግሊዙ ቡድን ቢትልስ የአሜሪካን ጆሮ ወሰደ፤ የፎክ ገበያም ቀዘቀዘ። ብራዘርስ ፎር ግን አልተበተኑም።

በ1969 ኪርክላንድ ሲለቅ የተካው ማርክ ፒርሰን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነበር። በ1971 እሱም ሄደና ቦብ ሃዎርዝ ገባ፤ በ1985 ፒርሰን ተመለሰ። በ1990 ደግሞ በፎሊ ቦታ ቴሪ ላውበር መጣ። ሰው በተለወጠ ቁጥር የሚከብደው አዲስ ገቢው ዜማውን ማጥናቱ አይደለም፤ እሱ በሳምንት ይጠናል። የሚከብደው የሌሎቹን አነባበብ፣ አተነፋፈስና የድምፅ መጠን ሰምቶ የራሱን በዚያ ልክ ማበጀቱ ነው። ቡድኑ ያን ያህል ዘመን የቆየው ይህን ሥራ በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሠራው ነው።

በኅብረት መዝፈን የጀመራችሁ ወጣቶች «ግሪንፊልድስ»ን ደጋግማችሁ ስሙት። መጀመሪያ ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ ተከተሉ፣ ቀጥሎ የመካከለኞቹን ድምፆች፤ ዋናውን ዜማ ለመጨረሻ አቆዩት።