ጥቁሯ ካሬ ምን ትላለች? ስለ አደባባይ ስክሪኖች ጥገና

ታክሲ ስትጠብቁ ቀና ብላችሁ አይታችሁ ይሆናል። ትልቁ ስክሪን ላይ የቡና ማስታወቂያ ይታያል፤ ሴትየዋ ስኒዋን አንስታ ፈገግ ትላለች፤ ጥርሷ ላይ ግን አንዲት ጥቁር ካሬ አለች። ብዙዎቻችን «ኤጭ፣ ተበላሸ» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ያቺን ካሬ እንድታነቧት እፈልጋለሁ። ቅሬታዬ ያለው ስክሪኑ ላይ ሳይሆን አጠጋገኑ ላይ ነውና።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። «ፒ10» የሚባለው የውጭ ስክሪን ነጥቦቹ በ10 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ስለዚህ 1 ካሬ ሜትር ላይ 10,000 ነጥቦች አሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት ስላለው 40 ካሬ ሜትር የሆነ ስክሪን 1,200,000 መብራቶችን ይይዛል። ከ10,000 መብራቶች አንዷ ብቻ ብትሞት እንኳ 120 ይጠፋሉ። መብራት መሞቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ምልክቱን አለማንበብ ነው።

ምልክቱ ደግሞ ግልጽ ነው። አንዲት ነጥብ ብቻ ከጠፋች መብራቷ ራሷ ወይም ብየዳዋ ነው። አንድ መስመር ከጠፋ መብራቶቹን የሚያዘው ቺፕ ይጠረጠራል። አንድ ካሬ ላይ ቀይ ብቻ ከጠፋ ምስሉን የሚያመጣውን ጠፍጣፋ ኬብል ፈትሹ። መረጃው ከአንዱ ካሬ ወደ ቀጣዩ ስለሚተላለፍ፣ ከአንድ ካሬ ጀምሮ እስከ ረድፉ መጨረሻ ከተበላሸ ችግሩ ያለው ብልሽቱ የጀመረበት ቦታ ላይ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ካሬዎች አብረው ከጨለሙ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን እዩ።

እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል የተለመደው መፍትሔ አዲስ መግጠም ነው። ስክሪኑ ይበራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይጨልማል። ለምን? 200 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ከ220 ቮልት መስመር 1 አምፒር ገደማ ቢስብ ነው። በ5 ቮልት ሲያወጣው ግን 40 አምፒር ይሆናል። አሁን አንዲት ብሎን ላልታ 0.01 ኦም ብቻ ተቃውሞ ፈጠረች እንበል። የሚባክነውን ኃይል ለማግኘት የአምፒሩን ስኩዌር በተቃውሞው አባዙት፦ 40 × 40 × 0.01 = 16 ዋት። አሥራ ስድስት ዋት ሙቀት አንዲት ብሎን ላይ! ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽቦው ይጠቁራል፣ ብሎኗም ይበልጥ ትላላለች። አዲሱን ዕቃ እዚያው የላላ ገመድ ላይ ማሰር ጥገና አይባልም፤ ቀጠሮ ማራዘም ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል፤ እዚህ ቅጠሉ አንዲት ዊንች ማጥበቂያ ናት።

አቧራም እንዲሁ ነው። በበጋ የተከማቸ አቧራ ማራገቢያውን ሲዘጋው ውስጡ ይግላል። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ደግሞ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በክረምት የጀርባው በር ላስቲክ ከተሰነጠቀ ውኃ ይገባል። እነዚህን ለማየት መሰላል፣ ብሩሽና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ።

«አዲስ ካሬ ብንቀይርስ?» ትሉ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ኤልኢዲ እየሠራ በሄደ ቁጥር ይደበዝዛል። አዲሷ ካሬ ከደበዘዙት መሐል ስትገባ በአሮጌ ነጠላ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ታበራለች። መድኃኒቱ ስክሪኑ ሲገዛ ከዚያው ምርት መለዋወጫ ማስቀመጥና፣ ከተቀየረ በኋላ ብርሃኑን በሶፍትዌር ማመጣጠን ነው። ግዢው ላይ መለዋወጫ «ትርፍ ወጪ» ተብሎ ከተሰረዘ፣ ያቺ እራፊ የተወሰነችው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀን ከፀሐይ ጋር የሚፎካከረው ብርሃን ማታ ካልተቀነሰ የሹፌርን ዓይን ያጥበረብራል፣ መብራቶቹንም በከንቱ ያስረጃል። የብርሃን መለኪያዋ ሴንሰር ከተነቀለች ስክሪኑ መምሸቱን አያውቅም። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ጉዳይ ነው።

ስክሪን በምረቃው ቀን አይመዘንም፤ በዚያ ቀን ሁሉም ያምራል። በሦስተኛው ክረምት መዝኑት። ነገ ታክሲ ስትጠብቁ ጥቁሯን ካሬ ፈልጓት፤ ነጥብ ናት፣ መስመር ናት ወይስ ጎረቤቶቿም ጨልመዋል? መልሱን ስታገኙ ማን ምን ሳይሠራ እንደቀረ ታውቃላችሁ።