ዘር ነፍሰ ገዳይን ይወልዳልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የሰው ጠባይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ይኸው አሳብ የሳይንስ ልብስ ለብሶ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለስ ኖሯል። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 (ይህም ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው እንዳለና በራስ ቅሉና በመንጋጋው እንደሚታወቅ አስተማረ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎሪንግ ግን ሦስት ሺህ ያህል እስረኞችን ለክቶ ከሌሎች ሰዎች ጋር ካነጻጸረ በኋላ፥ እንዲህ ያለ የወንጀለኛ መልክ እንደሌለ በ1913 አስታወቀ። ሆኖም አሳቡ አልሞተም፤ ከአጥንት ወደ ክሮሞዞም፥ ከክሮሞዞምም ወደ ጂን ተዛወረ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በነዚህ በሁለቱ የቀረቡት ማስረጃዎች ምን ያህል እንደሚያስረዱ መመርመር ነው።

ወንድ ሁሉ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ሲኖረው፥ ከ1,000 ወንዶች አንዱ ገደማ ትርፍ ዋይ ይዞ ይወለዳል። በ1965 ፓትሪሺያ ጄኮብስና ባልደረቦቻቸው በስኮትላንድ ካርስቴርስ በሚባል የጥበቃ ሆስፒታል የነበሩትን፥ ቍጥራቸው ሁለት መቶ የማይሞላ ወንዶች መርምረው 7 ባለ ትርፍ ዋይ አገኙ። ብዙም ሳይቈይ «የወንጀል ክሮሞዞም ተገኘ» የሚል ወሬ በየጋዜጣው ተነዛ። የዚህ አስተሳሰብ ጉድለት የሚታየው ከመፈለጊያው ስፍራ ላይ ነው። የተመረመሩት ጠባያቸው አስቸግሮ የተዘጋባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ትርፍ ዋይ ይዞ በሰላም የሚያርስ፥ የሚነግድ ወይም የሚያስተምር ሰው በዚያ ሊገኝ አይችልም። ኸርማን ዊትኪንና ባልደረቦቻቸው ይህን ጉድለት ለማረም፥ ትርፉ ዋይ ቁመትን ስለሚጨምር፥ በኮፐንሃገን 4,139 ረጃጅም ወንዶችን መርምረው ውጤቱን በ1976 አወጡ። ከተገኙት 12 ባለ ትርፍ ዋይ ሰዎች 5ቱ በፍርድ ቤት የተቀጡ ነበሩ፤ ይህም ከሌሎቹ ወንዶች የሚበልጥ መጠን ነው። ዳሩ ግን የአብዛኞቹ ጥፋት በሰው አካል ላይ የተፈጸመ አልነበረም። አጥኚዎቹም ከጠበኝነት ይልቅ የአእምሮ ፈተና ውጤት ማነስ ልዩነቱን ሊያስረዳ እንደሚችል ገለጹ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ ይልቅ የጠነከረ ነው። በ1993 ሃን ብሩነርና ባልደረቦቻቸው በአንድ የሆላንድ ቤተሰብ ውስጥ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤ የተባለውን፥ ለአንጎል ሥራ የሚያስፈልግ ኢንዛይም የሚያስገኘው ጂን የተበላሸባቸውን ወንዶች አገኙ። ወንዶቹ አእምሯቸው ደከም ያለ፥ በድንገትም የሚቈጡ ነበሩ። ይህ ብልሽት ግን የታየው በጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ስለሆነ በየአገሩ የሚፈጸመውን ግድያ ሊያስረዳ አይችልም። በብዙ ሰው ዘንድ የሚገኘው የዚሁ ጂን ደካማ ዓይነት ነው። አቭሻሎም ካስፒና ባልደረቦቻቸው በኒውዚላንድ በደኒደን ከተማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትትል በተደረገላቸው 442 ወንዶች ላይ ይህን መርምረው በ2002 ጽፈዋል። ደካማው ጂን ብቻውን ሰውን ጠበኛ አላደረገም። ደካማው ጂን ያላቸውና በልጅነታቸው የተበደሉት ግን፥ ከጠቅላላው 12 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፥ በኃይል ሥራ ከተፈረደው ፍርድ 44 በመቶው የነሱ ሆነ። ጥናቱን በሌላ ስፍራ ከደገሙት አንዳንዶቹ ተመሳሳይ፥ ሌሎቹም የተለየ ውጤት አግኝተዋል። ይህን ጂን «ጦረኛው ጂን» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች የጥናቱን እኩሌታ ትተውታል፤ ጥናቱ ልጅን ስለሚደበድብ እጅም ይመሰክራልና።

እንግዲህ ዘር ምንም ድርሻ የለውም ማለትም ስሕተት ነው። በመንትዮችና በማደጎ ልጆች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች፥ በሰዎች መካከል ለሚታየው የጠበኝነት ልዩነት ዘር ድርሻ እንዳለው ያመለክታሉ። ነገር ግን የብዙ ሰዎችን ልዩነት ማስረዳትና የአንድን ሰው ሥራ ማስረዳት የተለያዩ ናቸው። ለምሳሌ በየአገሩ ከነፍሰ ገዳዮች የሚበዙት ወንዶች ስለሆኑ፥ ከግድያ ጋር እንደ ተራው ዋይ ክሮሞዞም በግልጽ የተዛመደ የዘር ምልክት አይገኝም። ሆኖም የሰው ልጅ እኩሌታ ይህን ክሮሞዞም ይዞ ሲኖር ሰው የሚገድለው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ዳኛም «ወንድ ነውና ገደለ» ብሎ ነገሩን አይዘጋም። ደግሞም በኒውዮርክ ከተማ በ1990 ከ2,200 በላይ ሰዎች ሲገደሉ በ2014 የተገደሉት ከ350 ያነሱ ናቸው። በ24 ዓመት ውስጥ የሕዝብ ጂን ይህን ያህል አይለወጥም፤ የተለወጠው የኑሮው፥ የጥበቃውና የከተማው ሁኔታ ነው።

ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እምብዛም ባላሳሰበ ነበር። በቦስተን የአራስ ወንዶች ልጆች ክሮሞዞም ሲመረመር ቈይቶ፥ «ልጅህ የወንጀለኛ ምልክት አለበት» የተባለ ወላጅ ልጁን በምን ዓይን ያየዋል የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ በ1975 ምርመራው ቆመ። በ2009 ደግሞ በጣሊያን በትሪየስተ ከተማ የይግባኝ ፍርድ ቤት ለአንድ ነፍሰ ገዳይ፥ ጂኑንም ጭምር ተመልክቶ፥ አንድ ዓመት ቅጣት ቀነሰለት። ሌላ ዐቃቤ ሕግ ግን በዚያው ጂን «ይህ ሰው አይታረምምና ይጨመርበት» ሊል ይችላል። ሁለት ተቃራኒ ፍርዶችን እኩል የሚደግፍ ማስረጃ ለዳኛ መሪ አይሆነውም።

ደም በገዳዩ ዘመድ ላይ ሲመለስ ለኖረበት አገር ይህ ክርክር የሩቅ አይደለም። ወንጀል የሚያስጠይቀው አድራጊውን ብቻ ነው የሚለው ሕግ የዘርን ጥፋተኝነት የሚሽር ነው። ጄኔቲክስ ጠባይን ለማጥናት የሚጠቅም ትምህርት መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን ሕግ ያስወጣውን የዘር ፍርድ በላቦራቶሪ በር መልሶ እንዲያስገባ ሊፈቀድለት አይገባም።