የአንሰል አዳምስ ጨረቃ፤ ዕድል ወይስ ዝግጅት?

አንድ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ሲደነቅ «ዕድል ቀንቶት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በኒው ሜክሲኮ፣ ኸርናንዴዝ ከተባለች መንደር ዳር ያነሳው «የጨረቃ መውጣት» ይህ አባባል በብዛት ከተነገረባቸው አንዱ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1941 ነበር። (ዓመቱን አዳምስ ራሱ በትክክል አላስታወሰውም፤ በ1991 ከጨረቃዋ አቀማመጥ ተሰልቶ ነው የታወቀው።) በመኪና ሲመለስ ጨረቃ ወጥታ፣ የመቃብሩን ነጫጭ መስቀሎች የምትጠልቀው ፀሐይ ስታበራቸው ያያል። ግዙፉን ካሜራ በጥድፊያ ተከለ። የብርሃን መለኪያውን ግን ከየት ያግኘው! ደግነቱ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና በዚያ አስልቶ አነሳ። ሊደግም ሲል ፀሐይዋ ከመስቀሎቹ ላይ ሸሽታለች።

እስከዚህ ዕድል ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ያውም ጨረቃን በቁጥር ለሚያውቅ ሰው የመጣ ዕድል። የቀረው የጨለማ ክፍል ሥራ ነው። ኔጋቲቩ አስቸጋሪ ስለነበር በ1948 የታችኛውን ክፍል በኬሚካል አጠናከረው። በሕይወት ዘመኑ ከ1,300 ጊዜ በላይ አትሞታል፤ ሰማዩንም ከዓመት ዓመት እያጠቆረው ሄደ። በቀደሙት ኅትመቶች ሰማዩ ላይ ስስ ደመናዎች ይታያሉ፤ በኋለኞቹ ግን እንደ ጥቁር መጋረጃ ሆኗል።

አድናቂዎቹ ጥቁሩን ይወዳሉ። እኔ የቀደሙትን እመርጣለሁ። በእነሱ ውስጥ ያ የጥድፊያ ምሽት አለ፤ ደመናው ሰውዬው ያላዘዘው ደመና ነው። በኋለኞቹ ግን አዳምስ ዕድል የሰጠውን ሰማይ ወስዶ፣ የራሱን ሰማይ ተክቶበታል።