ለእሁድ የሚደርስ ሥራ

ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል (የኮምፒውተር ሥርዓቱን እምብርት) የሙከራ ስሪቶች የሚለቀው በአብዛኛው እሁድ ነው። ለ2 ሳምንት ያህል ከዓለም ዙሪያ የሚላኩለትን አዳዲስ ለውጦች ይቀበላል፤ ከዚያ በሩን ይዘጋል። ቀጥሎ ባሉት 7 ያህል ሳምንታት የሚገባው እርማት ብቻ ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር አንድ የሙከራ ስሪት እየወጣ፣ በ9ኛው ወይም በ10ኛው ሳምንት ላይ ዋናው ይደርሳል። ቶርቫልድስ ለዓመታት በኖረበት በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለጉዳይ የሆነው የአዲስ አበባ ሰው በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነው። ሱሉልታ ድረስ ፔዳል ሲረግጥ ስለዋለ አዲሱን ከርነል የሚያየው ሰኞ ማታ ነው፤ ማክሰኞ ቢሆንም አይከፋውም።

ድሮ ይከፋው ነበር።

ሰውየው በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ኮምፒውተሩም ብስክሌቱም እንጀራ አያወጡለትም፤ እንዲያውም ኪሱን ይበሉታል። ሁለቱንም ያስያዘው አንድ ጠባይ ነው፤ ክዳን ያለው ነገር ሲያይ ውስጡን ሳያይ አይተኛም። ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ፣ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ያገለገለ ቲንክፓድ ነው። መብራት ሲሄድ ሥራው መሀል ላይ ይቋረጣል። ኤክስት 4 የተባለው የፋይል ሥርዓት የሚሠራውን አስቀድሞ በመዝገብ ስለሚይዝ፣ መብራት ሲመጣ ሳያልቅ የቀረውን አስተካክሎ ይነሳል። ብስክሌቱ ደግሞ ሹካው ከአንዱ፣ ቸርኬው ከሌላው፣ ኮርቻው ከምን አለሽ ተራ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው ሥራ ለመጀመር የሚቀድመው የለም፤ የሚቸግረው መጨረሱ ነው። ደህና የሚሠራውን ኮምፒውተር “እስኪ ትንሽ ላስተካክለው” ብሎ ይነካዋል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥቁር ስክሪን ፊት ተቀምጦ ይገኛል። ማርሹ በወጉ የሚቀያየረውን ብስክሌት “ገመዱ ትንሽ ላላ ያለ መሰለኝ” ብሎ ይፈታዋል፤ ሳይገጥመው ሳምንቱ ያልፋል። ለብቻ የሚሠራ ነካኪ “በቃ፣ አልቋል” የሚለው ሰው የለም።

በሊኑክስ ዓለም “አልቋል” የሚባለው መቼ ነው የሚለው ክርክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው፣ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ስሪቱን የሚያወጣው ሲደርስ ነው፤ ቀን አይቆርጥም። የ2002ቱ ስሪት ከወጣ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ 3 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። ከዴቢያን የተወለደው ኡቡንቱ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2004 በ4.10 ሲጀምር ቀኑን አስቀደመ። የስሪቱ ቁጥር ራሱ ዓመቱና ወሩ ሆነ፤ በየ6 ወሩ፣ ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ፣ የደረሰው ይወጣል፤ ያልደረሰው ለሚቀጥለው ያድራል። ቀጠሮው አንድ ጊዜ ተዛንፏል፤ በኤፕሪል 2006 ይጠበቅ የነበረው ስሪት ጁን ላይ ወጣ፤ ስሙም 6.06 ሆኖ ቀረ።

የእኛ ሰው በተፈጥሮው ዴቢያን ነው። ኡቡንቱ ያደረገው የሰፈሩ የብስክሌት ቡድን ነው።

ቡድኑ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ይገናኛል። ተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌርም አሉ፤ ሁሉም “ጋሼ” ይሏቸዋል። ሩብ ሰዓት ካለፈ የሚጠበቅ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ላይ አንድ ነገር ወይ ገጥሟል ወይ አልገጠመም፤ “ትንሽ ቀረው” የሚባል መልስ ጠዋት ላይ ኮረብታ አያወጣም። ሰውየው ይህን ቀጠሮ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ መሣሪያ ማየት የጀመረው ከጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ ከፒንሳውና ከካቻቢቴው እኩል ይጠቀምበታል፤ ለእሁድ የማይደርስ ሥራ ሐሙስ ላይ አይጀመርም።

ቅዳሜ ከሰዓት በሰውየው ግቢ ውስጥ የሚደረገው ግን ከጥገና ይልቅ ምርመራ ነው። ነርሷ “ሲጥ ሲጥ ይልብኛል” ብላ ብስክሌቷን ስታመጣ መፍቻ አያነሳም፤ “እስኪ እዚህ ግቢ ዙሪያ ንጂው” ይላታል። ፔዳል መርገጥ ስታቆም ድምፁ አብሮ ካቆመ ችግሩ ጉልበት በሚያልፍበት መስመር ላይ ነው፦ ፔዳል፣ ክራንክ፣ ካቴና። ሳትረግጥም እየተንከባለለ ከቀጠለ ቸርኬ፣ ኩሺኔታ ወይም ፍሬን ነው። ከኮርቻው ተነስታ ቆማ ስትነዳ ከጠፋ የተቀመጠችበት ነው የሚጮኸው፤ ኮርቻው ወይም ምሰሶው። ከዚያ መቁጠር ይመጣል። በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር አንድ ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ከፔዳሉ ወይም ከክራንኩ ይወጣል። በ3 ዙር አንዴ ገደማ የሚሰማ ከሆነ ግን የካቴናው አንድ ማያያዣ ደርቋል፤ ምክንያቱም 110 ማያያዣ ያለው ካቴና 40 ጥርስ ባለው የፊት ማርሽ ላይ አንዴ ዞሮ ለመምጣት ወደ 2 ተኩል ከሩብ የፔዳል ዙር ይፈጅበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ቡሎን አልተፈታም። እያንዳንዱ ጥያቄ ከሚጠረጠሩት ክፍሎች ግማሽ ያህሉን ነፃ ይለቃል።

ዘዴውን የተማረው ከብስክሌት ጠጋኝ አይደለም። ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የተባለው የለውጥ መዝገብ አንድ ትዕዛዝ አለው። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ካልሠራ፣ በመሀሉ የገቡትን ለውጦች ለሁለት ከፍሎ መሀለኛውን ያስሞክርሃል። ሠራ? ጥፋቱ ከእሱ በኋላ የገባ ነው። አልሠራም? እሱ ራሱ ወይም ከእሱ በፊት የገባ ነው። 1,000 ለውጥ ቢኖር በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ይገኛል። ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ የተደበቀውን ቅድመ ሁኔታ ያያል። ለውጡ አንድ በአንድ ገብቶ አንድ በአንድ ካልተመዘገበ መክፈል አይቻልም። ነካኪውን የሚጎዳው ልማድም ይኸው ነው፤ በአንድ ማታ ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም፣ ፎንቱንና የኃይል አጠቃቀሙን አንድ ላይ ለውጦ፣ ጠዋት ላይ የቱ እንዳበላሸው ማወቅ አይችልም። በብስክሌትም ገመዱን፣ የማርሽ ቀያሪውን ቪቴና ካቴናውን በአንድ ጊዜ የነካ ሰው ዕጣው ይኸው ነው።

የነርሷ ድምፅ የግራው ፔዳል ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ ደርቆ ነበር፤ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ግራሶ ተቀብቶ ተመለሰ። የግራ ፔዳል ጥርስ ወደ ተቃራኒው ስለሚዞር የማያውቅ ጎረምሳ እፈታለሁ ብሎ ይበልጥ ያጠብቀዋል። በዚህ ከተማ ስንት ክራንክ በዚህ ምክንያት ጥርሱ እንደተላጠ ጎሚስታዎቹ ይንገሩን።

ሁለቱን ሙያዎች የሚያገናኝ ሌላም ነገር አለ፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም አለማመን። ሱቅ ገብቶ ጎማ የሚጠይቅ ሰው “28” ይላል፣ ሌላው “29”፣ ሦስተኛው “700 ሲ”። የሦስቱም ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ 622 ሚሊ ሜትር። የቆየው ባለ 26 የተራራ ብስክሌት 559 ነው። እውነቱ ያለው ጎማው ጎን ላይ በደቃቁ በተጻፈው ቁጥር ውስጥ ነው። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ከውጭ አንድ ዓይነት የሚመስሉ፣ ስማቸውም አንድ የሆነ ሁለት ላፕቶፖች ውስጣቸው ያለው የዋይፋይ ቺፕ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ የተባለው ትዕዛዝ የብዙዎቹን የውስጥ አካላት መለያ ቁጥር ማውጣት ይችላል፤ ነካኪው የሚያምነው እሱን ነው።

ይህ ለአዲስ ገቢ ዋዛ አይደለም። አንዳንድ የዋይፋይ ቺፖች ያለ አምራቹ ዝግ ፈርምዌር (ቺፑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) አይነሱም። ዴቢያን ለረጅም ዘመን ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር በዋናው መጫኛ ውስጥ አላስገባም ብሎ ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚው ዋይፋዩን ለማስነሳት ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል ያስፈልገው ነበር፣ ፋይሉን ለማውረድ ደግሞ ዋይፋይ። የዴቢያን አባላት እ.ኤ.አ. በ2022 በድምፅ ወሰኑና በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። የመርሁ ሰዎች ቅር ተሰኝተዋል፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። በፍላሽ የሚዛመት ቫይረስ ያሰለቸው ተማሪ ሊኑክስ ጫንልኝ ብሎ ሲመጣ ግን ሰውየው ለውሳኔው ያመሰግናል። ለቆየው ስሪት ዘዴው ስልክን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አያይዞ በስልኩ ዳታ መግባት ነው፤ ያ ያለ ተጨማሪ ፈርምዌር ይሠራል።

ሰውየው ካቴናን መለካት የተማረው ከሸልደን ብራውን ነው። ብራውን በማሳቹሴትስ አንድ የብስክሌት ሱቅ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ያረፈ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ያለ ክፍያ ጽፎ የሰጠ መካኒክ ነበር። ማስመሪያው ኢንች ይኑረው እንጂ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። አዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን እስከ 12ኛው ሙሉ ማያያዣ (ሁለት ሁለቱ እንደ አንድ ተቆጥሮ) ልክ 12 ኢንች ነው። በ1.6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ካቴናው ይቀየራል። በ3.2 ካለፈ ጥርሶቹንም በልቷቸዋል፤ ወጪው ከካቴና ዋጋ ይዘላል።

ከዚያ መንገዱ አለ። ቅዳሜ ማታ የእሁዱ መስመር በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ይሳላል፤ እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው ካርታ። መስመሩ በየስልኩ ኦስማንድ የተባለው የካርታ መተግበሪያ ላይ ስለሚጫን ዳታ ቢጠፋም አይጠፋም። የዳገቱ ልክ የሚገኘው ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በ11 ቀን ጉዞዋ በራዳር ከለካችው ነው። እንጦጦ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ራዳሩ ባሕር ዛፉን ከመሬቱ በቅጡ ስለማይለይ ከፍታው ላይ ጫካውም ይደመራል፤ ኮምፒውተሩ “ዳገት” የሚለው አንዳንዱ እግር የማያውቀው ዳገት ነው። ጋሼ የሚያምኑት ጉልበታቸውን ነው። ብስክሌተኞቹ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ መወዳደራቸውን ለወጣቶቹ የሚያወሩትም ሽቅብ ሲወጡ ነው። ወጣቶቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የገባውን የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይን ይጠቅሱላቸዋል፤ ግን እያለከለኩ ስለሆነ ክርክሩን ጋሼ ያሸንፋሉ።

ካርታው በራሱ ሥራ ሆኗል፤ የከተማው የብስክሌት መንገድ እየተለወጠ ነውና። “መንገድ ለሰው” በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከመኪና ነፃ የሚሆን አስፋልት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሸፍነው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ መጣ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠሩ። ሰውየው አዳዲሶቹን መስመሮች ካርታው ላይ ሲያስገባ የሚቋረጡበትንም ቦታ በጥንቃቄ ያስገባል። ከፊቱ መስመር ያለ መስሎት የሚመጣ ጀማሪ በድንገት ከሚኒባስ ጋር እንዳይፋጠጥ ነው።

የኮምፒውተሩ ሰዓት እንኳን የራሱ ነገር አለው። የዓለም የሰዓት ክልሎች መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ በራሷ አልቆመችም፤ ወደ ናይሮቢ የምትጠቁም ሁለተኛ ስም ናት። ልዩነት ስለሌለው ማንም አይጎዳም። ላፕቶፑ 6 ሲል ቡድኑ 12 ስለሚል ግን ለአባላቱ የሚላከው የቅዳሜ ማታ መልእክት ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይጽፋል፤ ዲያስፖራ እንግዳ ሲመጣ ለብቻው ይደወልለታል።

ባለፈው ክረምት ሰውየው አንድ ደንብ አወጣ። ቅዳሜ ግቢው የሚመጣ ብስክሌት ሁሉ ይታያል፣ ግራሶውም ማስቲሹም ከእሱ ነው፤ መፍቻውን የሚይዘው ግን ባለቤቱ ነው። ከመንገዱ ላይ በሚለቀመው ቀጭን የመኪና ጎማ ሽቦ የተበሳ ጎማም ቢሆን፣ ባለቤቱ ራሱ በጣቱ ውስጡን ዳስሶ ሽቦውን ያወጣል። ራጂ የላላበት ተማሪ ቸርኬውን እያዞረ፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ሳያጠብቅ፣ ያቃናል፤ መጀመሪያ ላይ ከነበረበት ብሶ ይጣመማል፣ ከዚያ ይመለሳል። ነርሷ አሁን የሌላ ሰው ብስክሌት ስታይ “እስኪ ንዳው” ትላለች። ደንቡ ያልተስማማው አንድ አባል ግን ቅዳሜ መምጣት አቁሟል። እሁድ እሁድ ግን አይቀርም፤ የራሱን ፓምፕ ገዝቶ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ለሌሎቹ ያውሳል።