የተዘቀዘቁት ድንጋዮች

በሴኡል መሃል የሚፈሰው የቾንግዬቾን ጅረት ለአሥርት ዓመታት በኮንክሪት ተደፍኖ፣ በላዩ ማሳለጫ መንገድ ተጋድሞበት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳግም ፀሐይ አየ። አብዛኛው ውሃው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ነው ብለው የሚነቅፉት አሉ፤ እግሩን የነከረ ሕፃን ግን ምን ገዶት!

በጅረቱ መነሻ አደባባይ የቀራጺዎቹ የክሌስ ኦልደንበርግና የኮሻ ቫን ብሩገን ባለ 20 ሜትር ዛጎል ተገትሯል። ያምራል፤ ልብ ግን አይዝም። ልብ የሚይዘው ጓንግቶንግ ድልድይ ነው። ንጉሥ ቴጆንግ በ1410 ሲያሠራው የእንጀራ እናቱን የንግሥት ሲንዶክን መቃብር ድንጋዮች አስመጣ። ጠጋ ብለው ቢያዩ ደመና የተቀረጸባቸው አንዳንዶቹ ተዘቅዝቀው ተገንብተዋል፤ ቂም ነው ይባላል። ወረድ ሲሉ ንጉሥ ጆንግጆ በ1795 ወደ ሁዋሶንግ ያደረገው ጉዞ በሴራሚክ ግድግዳው ላይ ከነፈረሱ፣ ከነሰንደቁ፣ ከነአጃቢው ይተማል።