ከስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ጋር ስለሚመጣው የመግለጫ ወረቀት የቀረበ ሂስ

ሂስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመጻሕፍት ላይ ነው፡፡ እኛ ግን ዛሬ የምንመረምረው ብዙ ሰው ሳያነበው የሚጥለውን አነስተኛ ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም ከቪያግራና ከመሰሎቹ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚገኘው የመግለጫ ወረቀት ነው፡፡

ቪያግራ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ በጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. የአገሩ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ድንገት መስማት ስለ ማጣት የሚናገረው ማስጠንቀቂያ በቪያግራ፣ በሲያሊስና በሌቪትራ ወረቀቶች ላይ ጎልቶ እንዲጻፍ አደረገ፡፡ ለዚህ ያበቃው 29 ሰዎች መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ መስማት እንደ ቀነሰባቸው ወይም እንደ ጠፋባቸው መነገሩ ነው፤ አብዛኞቹም የተጎዱት በአንድ ጆሯቸው ነበር፡፡ ከአንዳንዶቹ ጋር የጆሮ ጩኸትና ማዞር አብሮ ታይቷል፡፡

ለእውነት ስንል መድኃኒቱ የውስጥ ጆሮን ለመጉዳቱ ቁርጥ ያለ ማስረጃ እንዳልተገኘ መናገር ይገባናል፡፡ እርጅና፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ወሲብንም ጆሮንም ያደክማሉና መንስኤውን መለየት ያስቸግራል፡፡ ወረቀቱም ቢሆን አደጋውን አልደበቀም፤ መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባ ይመክራል፡፡

እንግዲህ ነቀፋችን በቃሉ ላይ ሳይሆን በአደራረሱ ላይ ነው፡፡ በድሬዳዋ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ መንደር ይነገራሉ፤ ወረቀቱ ግን በባዕድ ቋንቋና በደቃቅ ፊደል የታተመ ነው፡፡ ክኒኑ በነጠላ ሲሸጥ ደግሞ ወረቀቱ ከሻጩ ዘንድ ይቀራል፡፡ ማንም ያላነበበው ምክር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፡፡

ነገሩ ቀላል አይደለም፡፡ ድንገት መስማት ያቆመ ጆሮ ስቴሮይድ በተባለው መድኃኒት የመዳን ተስፋው የሚበረታው ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢዘገይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው፡፡ በሽተኛው ግን «ቆሻሻ ገብቶበት ይሆናል» ብሎ ይቆያል፤ ሐኪም ዘንድ ቢደርስም ስለ ክኒኑ መናገር ያፍራል፡፡ ስለዚህ እፍረት ወረቀቱ አንዳች ቃል አይተነፍስም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይህ ነው፡፡

በበኩላችን የመድኃኒት ባለሙያዎች በሦስቱ ቋንቋዎች የሚከተለውን በመድኃኒቱ መያዣ ላይ እንዲለጥፉ እናሳስባለን፤ «ጆሮዎ ድንገት ቢደነቁር ወይም ቢጮህ መድኃኒቱን ያቁሙ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የወሰዱትንም አይደብቁ፡፡»